ማሽኑ ይዋሻል ወይ? ስኳርን ቤት ውስጥ በትክክል መለካት

እናቴ ስኳር ከያዛት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የምለካት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን መሰል ነገር ተደብቆ አይቀርም። ከጎረቤትም ከዕድርም ማሽኑን በፌስታል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቅድም 142 አለኝ። ወዲያው ደግሜ ስለካ 157 አለኝ። ማሽኑ ይዋሻል እንዴ?»

ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ በእርግጥ ሲሳሳት ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ አይደለም። የጣታችን ወይም የስትሪፑ (ደም የምናስነካው ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቁራጭ) ነው። ስለዚህ አለካኩን እናስቀድም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የቤት ማሽን ስኳር ያለበት ሰው ራሱን እንዲከታተል የተሠራ ነው። «ስኳር አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። በጎረቤት ማሽን ተለክታችሁ ከፍ ካለባችሁ ጤና ተቋም ሂዱ። ዝቅ ካለም «ነጻ ነኝ» ብላችሁ አትደምድሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስኳር መለኪያ ማሽን (ግሉኮሜትር)። ከመግዛታችሁ በፊት ስትሪፑ በአካባቢያችሁ መድኃኒት ቤት መኖሩን ጠይቁ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ዘመድ ከውጭ የላከው ቆንጆ ማሽን፣ ስትሪፕ ጠፍቶለት መሳቢያ ውስጥ የተኛበት ቤት ብዙ ነው።
- ስትሪፕ፣ ከነራሱ ዕቃ።
- መውጊያውና አዳዲስ መርፌዎች (ላንሴት)።
- ሳሙና፣ ውሃ፣ ደረቅ ፎጣ ወይም ሶፍት፣ ትንሽ ጥጥ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ። ያገለገለ መርፌ የሚገባው እዚያ ነው።
- ስኳር ወይም ማር፣ ቅርብ ቦታ የተቀመጠ። ለምን እንደሚያስፈልግ በኋላ እናያለን።

ከመጀመሪያው ልኬት በፊት

ይህን የምታደርጉት አንዴ ነው። ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል፤ በኋላ የሚመጣው ግራ መጋባት ግማሹ የሚነሳው ከዚህ ነው።

*መለኪያውን እዩ።* እኛ አገር የለመድነው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ 100፣ 140፣ 200 የምንለው ማለት ነው። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የመጣ ማሽን ግን በሚሊሞል በሊትር ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነጥብም አለው። ወደ እኛው ለመቀየር በ18 አባዙት። 5.5 ማለት 99 ነው፣ 10 ማለት 180። አንድ ጎረቤታችን እናቱን ለክቶ «9» የሚል ሲያይ ደንግጦ ስኳር በጥብጦ አጠጥቷቸዋል። 9 ማለት 162 ነበር። እሳቸው ምንም አልሆኑም፤ እሱ ግን ለሳምንት ያህል ቀና ብሎ አላያቸውም።

*ሰዓቱን አስተካክሉ።* ማሽኑ የእኛን ሰዓት አያውቅም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ላይ 7:00 መሆን አለበት። «1:00» ብላችሁ ከሞላችሁት፣ የቁርስ በፊት ልኬታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተለካ ሆኖ ይመዘገባል። ሐኪሙ የማሽኑን ማስታወሻ ከፍቶ ሲያይ ሌሊት ሌሊት የምትለኩ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱንም በዚያው ሒሳብ ሊያስተካክል ይችላል። ቀኑንም በፈረንጅ ሙሉት። የእኛን ቀን ደብተር ላይ ትጽፉታላችሁ።

*የስትሪፑን ቀን አንብቡ።* የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው በፈረንጅ ነው። «03/2026» የሚል ካለ መጋቢት 2018 አካባቢ ነው እንጂ በእኛ 2026 አይደለም። ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ሌላም ቀን አለ፤ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ያለው ዕድሜ። ብዙዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ነው የሚያገለግሉት። ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡና የከፈታችሁበትን ቀን ዕቃው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት።

*ኮድ።* አንዳንድ የቆዩ ማሽኖች በስትሪፑ ዕቃ ላይ ያለውን ኮድ ይጠይቃሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከዕቃው ጋር ካልገጠመ ልኬቱ ይዛባል። አዲስ ዕቃ በከፈታችሁ ቁጥር አስተያዩ።

አለካኩ፣ ደረጃ በደረጃ

1. እጃችሁን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። ከሁሉም በላይ ይህ ነው የሚበልጠው። አንድ ጊዜ እናቴ ማንጎ ልጣ እጇን በሶፍት ብቻ ጠረግ አድርጋ መጣች። ለካኋት፤ 238። መድኃኒት አልወሰድሽም እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ታጥባ ስትመለስ 131 ሆነ። የፍራፍሬ ስኳር ጣት ላይ ከቀረ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል። የምትለካው የደም ጠብታ በጣም ትንሽ ስለሆነች፣ ለዓይን የማይታይ ስኳር እንኳ ቁጥሩን ያዘልለዋል። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ሸንኮራ፣ ማር፣ ሁሉም ያው ናቸው። አልኮል ያለበት ጥጥ ስኳሩን በደንብ አያነሳውም። ሳኒታይዘርም እንደዚያው። ውሃና ሳሙና ነው።

2. በደንብ አድርቁ። እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይመጣል። አልኮል ከተጠቀማችሁም እስኪደርቅ ጠብቁ።

3. እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ ትንሽ አራግፉ። ጣት ከቀዘቀዘ ደም አይመጣም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ይህ ያጋጥማል፤ እጅ ለእጅ ማሸት ይበቃል።

4. አንድ ስትሪፕ አውጡና ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ። በዕቃው ውስጥ እርጥበት የሚመጥጥ ነገር አለ። ክፍት ከተተወ የሐይቁ ዳር አየር፣ በተለይ በክረምት፣ የቀሩትን ሁሉ ያበላሽባችኋል። ስትሪፑን ማሽኑ ውስጥ ክተቱ፤ አብዛኛው ማሽን በዚሁ ይበራል።

5. መውጊያው ላይ አዲስ መርፌ አድርጉ፤ ጥልቀቱን ምረጡ። መውጊያው ላይ ቁጥሮች አሉ። በትንሹ ጀምሩና ደም ካልመጣ አንድ ከፍ አድርጉ። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ መረብ የሚጎትት ወይም ዶማ የያዘ እጅ ጠንካራ ስለሆነ ከፍ ያለውን ይፈልጋል። ያገለገለ መርፌ ይደነዝዛል፤ የበለጠም ያማል።

6. የጣትን ጫፍ ጎን ውጉ እንጂ መሐሉን አትውጉ። ጎኑ ላይ ሕመም የሚሰማው ቀለል ብሎ ነው፤ ዕቃ ስትይዙም አይነካባችሁም። የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት ይሆናሉ። በየቀኑ አንዱን ጣት ብቻ አትቅጡት፤ አቀያይሩ።

7. ደሙ በራሱ እንዲመጣ ጠብቁ። ካልመጣ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ እሹት። ልክ እንደ ሎሚ ጫፉን ጨምቃችሁ የምታወጡት ደም በሥጋ መሐል ያለ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። መታጠብ ያልተቻለበት ቦታ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ በጥጥ ጠርጋችሁ ሁለተኛውን ለኩ። ይህ ለችግር ጊዜ ነው፤ መታጠብን አይተካም።

8. የስትሪፑን ጫፍ ወደ ጠብታው አስጠጉ። ራሱ ይስበዋል። ደሙን ከላይ አትቀቡበት። ካነሰ ማሽኑ ስሕተት ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። መመሪያው ካልፈቀደ በስተቀር በዚያው ስትሪፕ ላይ ደም አትጨምሩ፤ በአዲስ ጀምሩ። ስትሪፕ ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

9. ቁጥሩን ወዲያው ጻፉ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ምን እንደበላችሁ፣ መድኃኒት መውሰዳችሁን ጨምሩ። «180» ብቻ የሚል ደብተር ለሐኪም አይነግረውም። «180፣ እንጀራ በሽሮ ከበላሁ 2 ሰዓት በኋላ» የሚለው ግን ይነግረዋል።

መቼ ልለካ?

ይህን ሐኪማችሁ ይወስናል፤ ኢንሱሊን የሚወጋና በአመጋገብ ብቻ የሚቆጣጠር ሰው እኩል አይለኩም። ሁለት ቃላት ግን ይደባለቃሉ። «በባዶ ሆድ» ማለት ከውሃ በቀር ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይቀመስ ነው። ስኳር ያለበት ሻይ ከጠጣችሁ ባዶ ሆድ የለም። «ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ» የሚባለው ደግሞ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ገበታው ከተነሳ፣ ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ መቁጠር ብትጀምሩ ሌላ ልኬት ይሆናል።

ስኳር ላለባቸው አብዛኞቹ አዋቂዎች የሚሰጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ ወይም ሌላ በሽታ ላለበት ሰው ይለያል። የራሳችሁን ግብ ጠይቁና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

142 ወይስ 157?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዓለም አቀፉ የማሽኖች መስፈርት፣ አይሶ 15197 የሚባለው የ2013 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ደረጃ፣ ማሽኑ ከላብራቶሪ ጋር አንድ እንዲሆን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ስኳሩ 100ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ100 ልኬት 95ቱ ከእውነተኛው በ15 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ቁጥር ውስጥ።

በእኛ ቋንቋ እናምጣው። እውነተኛው ስኳራችሁ 150 ቢሆን፣ ጥሩ ማሽን ከ128 እስከ 172 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። 142ም 157ም እዚያ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ያሉት ነገር አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ምንም ውሳኔ አይለወጥም፤ ለምን እንጨነቃለን? በዚያ ላይ ሁለተኛው ጠብታ ከሌላ ጣት ሊሆን ይችላል፤ በየደቂቃውም ስኳር ይንቀሳቀሳል።

ዝቅ ሲል ግን ጉዳዩ ይከብዳል። ማሽኑ 75 ቢያሳይ እውነተኛው 60 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ልባችሁ ከመታ፣ ነገር ከተምታታባችሁ፣ ማሽኑ 75 ስላለ ብቻ ደህና ነኝ አትበሉ። ሰውነታችሁን እመኑ።

ሁለት ልኬቶች በጣም ከተራራቁ፣ ለምሳሌ 120 እና 190 ከሆኑ፣ እጅ ታጥባችሁ በአዲስ ስትሪፕ ሦስተኛ ለኩ። አሁንም ከተዘበራረቀ ስትሪፑን ጠርጥሩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መፈተሻ ፈሳሽ አለ፤ ካገኛችሁ በደም ፋንታ እሱን ታስነካላችሁ። ውጤቱ በስትሪፑ ዕቃ ላይ በተጻፈው መጠን ውስጥ መሆን አለበት። ፈሳሹ የማሽናችሁ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

ማሽኑን ከላብራቶሪ ጋር ማስተያየት

«ትናንት ሆስፒታል 160 አሉኝ፣ ዛሬ ቤት 139 አለኝ» ማለት ማስተያየት አይደለም። የትናንቱ ስኳር ትናንት ቀርቷል። በትክክል የሚደረገው እንዲህ ነው፦

1. ለክትትል ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትሄዱ ማሽኑን ከነስትሪፑ ያዙ።
2. በባዶ ሆድ ሂዱ። ከምግብ በኋላ የጣት ደም ከደም ሥር ደም የበለጠ ስኳር ስለሚኖረው ማስተያየቱ ይበላሻል።
3. ደም እንደተቀዳ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ታጥባችሁ ጣታችሁን ለኩ። ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፉ።
4. የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ 15 በመቶውን አስቡ። 160 ከሆነ፣ ከ136 እስከ 184 ያለው የእናንተ ቁጥር ጥሩ ነው።

ላብራቶሪም ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም። የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥም ሆነው ስኳር ይበላሉ። ሴሎቹ ሳይለዩ የቆመ ናሙና በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ሊያጣ ይችላል። ውጤቱ ከጠበቃችሁት በጣም ካነሰ ናሙናው ስንት ሰዓት እንደቆየ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አለካካችሁ ልክ ሆኖም ቁጥሩ ሲዛባ

ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ብዙ ማሽኖች ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ወባ ታሞ የከረመ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ቀይ የደም ሴሉ ከመጠን በላይ የበዛ ሰው ላይ (የደም ግፊት ማለቴ አይደለም) ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝቅ አድርገው ያሳያሉ። ብዙ ቪታሚን ሲ ወይም ፓራሲታሞል መውሰድም አንዳንድ ማሽኖችን ያሳስታል፤ የእናንተን በመመሪያው ላይ እዩ።

«ከፍታው አያዛባውም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ብዙ ማሽኖች እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሠራሉ። እዚህ ሐይቁ ዳር ችግር የለም።

ሙቀቱ ግን ችግር ነው። አብዛኛው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። በሚያዝያና በግንቦት የቆርቆሮ ጣሪያ ቤታችን እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ያልፋል። የቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥማ አይነሳ። ቤታችሁ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚለውን ክፍል ምረጡ፤ ቁም ሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ጥሩ ነው። ምጣድ ያለበት ማድ ቤት በእንፋሎቱ፣ ማቀዝቀዣም በእርጥበቱ ያበላሹታል። በሶፍት ተጠቅልሎ የሚሰጣችሁን ነጠላ ስትሪፕ አትቀበሉ፤ የት እንዳደረ አታውቁም።

ማስጠንቀቂያ

*ከ70 በታች ከሆነ* ወዲያው 15 ግራም ስኳር ውሰዱ፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። «ዳይት» የሚለው ለስላሳ ስኳር ስለሌለው አይሆንም። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ፤ አሁን ስኳር የበጠበጣችሁበት እጅ ነው። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ መጠን ድገሙ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ ይህን በቃል ያዙ። ጾም ላይ ብትሆኑም ሕክምናው አይለወጥም፤ ስለዚህ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ።

*ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ።* ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሆስፒታል።

*ከ300 በላይ ደጋግሞ ካሳየ፣* ወይም ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ ወይም ድብታ ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ሃይ» (HI) የሚል ጽሑፍ የማሽን ብልሽት አይደለም፤ ስኳሩ ማሽኑ ከሚለካው በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ከ600 በላይ። «ሎ» (LO) ደግሞ ተቃራኒው ነው።

*በአንድ ቁጥር መድኃኒት አትቀይሩ።* ዛሬ 210 ስላለ ኢንሱሊን በራስ መጨመር፣ 95 ስላለ ክኒን መዝለል አደጋ ነው። ሐኪሙ እንዴት እንደምትጨምሩና እንደምትቀንሱ ያስተማራችሁ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው።

*መርፌም መውጊያም አትዋዋሱ፤* ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ለዓይን የማይታይ ደም ጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሰው ስትለኩ ጓንት አድርጉ።

አሁንም አሁንም የማያቸው ስሕተቶች

- ለቀጠሮ ሲቃረብ ሦስት ቀን ተጠንቅቆ በልቶ ጥሩ ቁጥር ይዞ መሄድ። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ያወጣዋል።
- ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ መለካት። ጠዋት 110 ሆኖ ከምሳ በኋላ 260 የሚሆን ሰው አለ። ስትሪፕ ካነሰባችሁ ሰዓቱን እያፈራረቃችሁ ለኩ፤ ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ዓርብ ከእራት በፊት።
- ያልወደዱትን ቁጥር አለመጻፍ። እናቴ ይህን ትወዳለች። ማሽኑ ግን ያስታውሳል።
- የበረኪናውን ጠርሙስ እስከ አፉ መሙላት። ሦስት አራተኛ ሲደርስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ በፕላስተር እሸጉት። ሐይቁም ሆነ የሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ቦታው አይደለም፤ ቆሻሻ የሚለቅሙ ልጆች አሉ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱና የመርፌ ማቃጠያ እንዳላቸው ጠይቁ።